ከነጊታሬ ሊቀብሩኝ ነበር

የሮክ ሙዚቀኛ ነበርሁ ስል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ፀጉሬን ነው። ፀጉሬ ካለቀ ቆይቷል። ቀጥሎ «የት አገር?» ይለኛል። «ሰቆጣ» እላለሁ። ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የለም፤ ሻዩን ማማሰል ይጀምራል።

እውነቴን ነው ግን። በዘጠናዎቹ፣ መብራት ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ በሚሄድበት ዘመን፣ ሰቆጣ ላይ «ነጎድጓድ የሙዚቃና የትያትር ቡድን» የሚባል ባንድ ነበረን። ጊታር ተጫዋቹ እኔ ነኝ። ጊታሩ ከአንድ የድሮ የኪነት ቡድን ዕቃ ቤት ከተሰበሩ ወንበሮች ሥር ተጎትቶ የወጣ ኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ ከክሮቹ አንዱ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበር። ያ ሽቦ ሲመታ የሚያወጣውን ድምፅ እኔ ሮክ እለዋለሁ። ጎረቤታችን ግን ሁልጊዜ ወጥታ «ማን ቤት ነው የሚታረደው?» ትል ነበር። ሮክ የሚባለውን ነገር ራሱ የሰማሁት አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ረስቶት ከሄደ ካሴት ነው። ካሴቱ ፀሐይ መትቶት የተለጠጠ ስለነበር፣ ለብዙ ዓመት ሮክ ማለት እየሰከረ የሚሄድ ሙዚቃ ይመስለኝ ነበር። እንደዚያው አድርጌም ነው የተጫወትሁት።

መሪያችን ምስጋናው የአማርኛ መምህር ነው። አንድ ክረምት ለሥልጠና አዲስ አበባ ሄዶ ትያትር አይቶ ከተመለሰ ወዲህ ጤና አልነበረውም። «ሰው በጆሮው ብቻ አይሰማም!» ይላል፣ ጠረጴዛ እየመታ። «ዓይኑስ? ዓይኑ ምን ሊያደርግ ነው የመጣው?» በዚህ ምክንያት እኛ ዘንድ ዝም ብሎ የሚዘፈን ዘፈን ጠፋ። ስለ እርሻ ከዘፈንን መድረኩ ላይ በሬ ይወጣል። ስለ ሠርግ ከዘፈንን ሙሽራ ያስፈልጋል፤ ሴት ልጁን ለእኛ ቡድን የሚያምን ወላጅ ስላልተገኘ ሙሽራዋ ከበሮ መቺያችን ካሳዬ ነበር። ካሳዬ ጢሙን አልላጭም ያለ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ቬሉን ሲገልጡት ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በረጅሙ ተንፍሰው «ይኼንንስ ቀድመው ቢያሳዩት ጥሩ ነበር» አሉ።

ሌላው ማሲንቆ መቺያችን አያ ሞላ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሙሉ በማሲንቆ ያሳለፉ፣ እኔን «ያ ሽቦ ጠራቢ» እያሉ የሚጠሩ ሰው። አንድ ቀን እንኳ «አበጀህ» ብለውኝ አያውቁም። ከእነዚህ ሌላ ሁለት ተወዛዋዦች ነበሩን፤ ሲወዛወዙ ጥሩ ነበሩ፣ ዕቃ ሲሸከሙ ግን ከዚያም ይበልጡ ነበር።

ታዲያ ለአምደወርቅ ገበያ ዝግጅት ተጠራን። የጠራን የጤና ባለሙያ አንድ ነገር ብቻ ነው ያዘዘው፦ ስለ ወባ የሚያስተምር ይሁን። ምስጋናው ቤቱን ዘግቶ ጻፈ። ድርሰቱ እንዲህ ነው፦ አንድ ገበሬ የተሰጠውን አጎበር የገለባ ማሰሪያ ያደርገዋል። ወባ ትነድፈዋለች፣ ይሞታል፣ በሬሳ ሳጥን ሆኖ መድረክ ላይ ይወጣል። ለቅሶው በጋለበት ሰዓት ክዳኑ ተበርግዶ ሟች ከነጊታሩ ይነሣና ጸጸቱን በሮክ ይዘፍናል።

«ከሞተ በኋላ ከተነሣ ሰዉ ምኑን ተማረ?» አልሁት።

«አንተ ተነሣ ብቻ» አለኝ። «ትምህርቱን ለእኔ ተወው።»

ሳጥን ልናሠራ አናጢ ዘንድ ሄድን። አናጢው እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ «የሟች ቁመት?» ሲል ምስጋናው በጣቱ እኔን አሳየው። አናጢው ከራስ ፀጉሬ እስከ ተረከዜ ለካኝና በዝግታ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «እግዜር ያጽናህ» አለኝ።

የጉዞው ዕለት ምስጋናው ሌላ ሐሳብ መጣለት። አምደወርቅ ልብስ መቀየሪያ ቦታ ስለማናገኝ ከሰቆጣ ተዋናይ ሆኜ መውጣት አለብኝ። ፊቴን ኖራ ቀቡኝ፣ ዓይኔን ዙሪያውን በከሰል አጠቆሩት፣ በነጭ አቡጀዴ ገነዙኝ። በዚህ ሁኔታ አይሱዙ ላይ ተሳፈርሁ። ሹፌሩ መንገዱን ሁሉ በመስተዋቱ እያየኝ ሄደ፤ ሁለት ጊዜ ከመንገድ ሊወጣ ነበር።

አምደወርቅ ያለችበት ደሃና ወረዳ ውስጥ ከገባን በኋላ መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት አገኘነው። ሹፌሩ አውርዶን ዞረ፤ እንደዚያ ፈጥኖ የዞረ አይሱዙ አላየሁም። ጀነሬተሩን ከአንድ ገበሬ በለመንነው አህያ ጫንን፣ ሳጥኑን አራት ሆነው በትከሻ ያዙ፣ እኔ ጊታሬን አንግቼ ከኋላ ተከተልሁ። ብዙም ሳንርቅ ሰማዩ ተቀደደ።

«ኖራው!» አለ ምስጋናው። «ኖራው ታጠበ! ግባ!»

«የት?»

«ሳጥኑ ውስጥ ግባ!»

እንግዲህ ሰው በዝናብ ውስጥ ቆሞ ደረቅ ነገር ሲታየው ብዙ አያስብም። ገባሁ። ጊታሬን ደረቴ ላይ አስተኛሁ። ክዳኑ በእርምጃቸው ቁጥር እየተንሸራተተ ስላስቸገረ በገመድ አሠሩት። ሳንቃው በደንብ ስላልገጠመ አየር እንደልብ ነው። አዲስ እንጨት ይሸታል፣ ዝናቡ ከላዬ ይደበድባል፣ ሰው ይሸከመኛል። እውነት ለመናገር ከአይሱዙው ይሻል ነበር። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

የነቃሁት በኡኡታ ነው።

ከላይ ካለው መንደር አንድ ሰው ሳጥኑን አይቶ ኖሯል። በዚያ አገር ሳጥን በራሱ ወሬ ነው። መንደር ውስጥ የሞተ ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ ይቀበራል፤ በሳጥን የሚመጣ ከሩቅ የሚመጣ ነው፣ ሥራ ፍለጋ የወጣ የሰው ልጅ ነው። ይህን ከእኛ አንዱም አላሰበውም ነበር። ዝናቡ አባርቶ ነበርና በስንጥቁ ስመለከት ገበሬው በሬውን ከነሞፈሩ አቁሞ፣ ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ቁልቁል ይጎርፋል። ወንዶቹ መጥተው ሳይናገሩ ሳጥኑን ከእነ ካሳዬ ትከሻ ተቀበሉ። ካሳዬ ደክሞት ስለነበር «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አስረከበኝ።

«ከየት ነው ያመጣችሁት?» አለ አንዱ።

ምስጋናው ያኔ «ትያትር ነው፣ ሬሳ የለበትም» ብሎ ቢሆን ነገሩ እዚያው ባለቀ። ግን እሱ ዕድሜ ልኩን የሚያለቅስለት ተመልካች ሲመኝ የኖረ ሰው ነው። ድምፁን አወፍሮ «ከሩቅ» አለ።

«ምን አገኘው?»

«ወባ።»

«ወይኔ ልጅነቱ!»

«አጎበር ነበረው» አለ ምስጋናው፣ ከድርሰቱ አንድ ቃል ሳያጎድል፤ «ተሰጥቶት ነበር። ገለባ አሠረበት!»

አንድ ወፍራም የሽማግሌ ድምፅ «እኔም አሥሬበታለሁ!» ብሎ ጮኸና ለራሱ ማልቀስ ጀመረ። ከወባ ትምህርት ሁሉ እንደዚያ የተሳካ አይቼ አላውቅም፤ ሰውየው ያን ዕለት ማታውኑ ገለባውን በትኖ አጎበሩን እንደሰቀለ በኋላ ሰምተናል።

እኔ ሳጥኑን ከውስጥ አንኳኳሁ። ማን ሰምቶኝ! ወንዶቹ ይፎክራሉ፣ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። የመንደሩ አልቃሽ፣ ጉሮሮዋ የተሳለ ሴት፣ ከሳጥኑ ጎን ጎን እየሮጠች ሙሾ ታወርዳለች፦

ሳጥንህ ያማረ፣ ገመድህ የጠና፣
ስምህን ንገረኝ ላልቅስልህና።

ልነግራት አፌን ስከፍት ማሲንቆ ሰማሁ። አያ ሞላ ናቸው። ለቅሶ ካለ ዝም ማለት አይችሉም፣ ሥራቸው ነው። «እጁ የተባረከ!» ይላሉ፣ «ጣቱ ክር ላይ የሚያምርበት! የእሱን ያህል የሚመታ ማን አለ!» በሕይወቴ ከእሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያው ምስጋና ነው። ሳልዋሽ፣ ማንኳኳቴን ትቼ ትንሽ አዳመጥሁ። እንባም መጥቶብኝ ነበር፤ ኖራው ዓይኔ ገብቶም ሊሆን ይችላል።

ሌላ ድምፅ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አልቃሽዋም ማሲንቆውም ዝም አሉ። አንዲት እናት ሳጥኑ ላይ ወድቀው ሳንቃውን በሁለት እጃቸው ይደበድባሉ። መጀመሪያ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣና፣ ቀጥለው በአማርኛ፦

«ልጄ ነው? ሳውዲ የሄደው ልጄ ነው? ሲሳይዬ ነህ? ንገሩኝ፣ ሲሳይ ነው?»

ማንም አልመለሰም። ምስጋናው እንኳ፣ ያ ቃል የማያልቅበት ሰው፣ ድምፁ ጠፋ። ትያትሩ ከእጁ ወጥቶ ነበር። ሌሎቹ ዝምታውን እንደ መልስ ቆጠሩትና ኡኡታው እንደ አዲስ ተነሣ። «ሲሳይ! ሲሳይ!» ማለት ጀመሩ። የማላውቀው ሲሳይ እኔን ሆኖ ሞተ።

ዝም ብል እኚህ ሴት ልጃቸውን ይቀብራሉ። ብናገር ደግሞ... ግን ከአንድ ጣት ሳንቃ ወዲያ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። አፌን ከስንጥቁ አስጠግቼ፣ በተቻለኝ ትሕትና፣

«እማማ፣ እኔ ልጅዎ አይደለሁም» አልሁ። «የሰቆጣ ልጅ ነኝ።»

ከዚያ መሬቱ ከሥሬ ሄደ።

ለቀውኝ ነው። ተሸካሚዎቹ እንደ አንድ ሰው ለቀውኝ ሮጡ። ሳጥኑ ረጥቦ በተንሸራተተው ተዳፋት ላይ አረፈና ቁልቁል ጀመረ። ማሳ አልፈናል፣ ቦይ ዘለናል፣ አንዲት ፍየል ከመንገዳችን ስትሸሽ በስንጥቁ አይቻታለሁ። በመጨረሻ የእርከን ድንጋይ ሲያቆመን ቁርጭምጭሚቴ ቀጭ አለ፤ ጊታሩም ከነፍሬን ሽቦው «ዥዥዥን!» ብሎ ተራራው መልሶ አስተጋባው። ቆም ብለው ያዩ የነበሩት ጥቂቶችም ያኔ እግሬ አውጪኝ አሉ። ካሳዬ፣ ሳጥኑ ውስጥ ማን እንዳለ የሚያውቀው ካሳዬ፣ አብሮ ሮጧል። «ሁሉም ሲሮጥ ጊዜ» አለኝ በኋላ።

አንድ ሰው ብቻ ወደ ታች ሲወርድ ሰማሁ። በጭቃው እየተንሸራተተ፣ እየተነሣ ይመጣል። ገመዱ በድንጋይ ተቆረጠ፣ ክዳኑ ተነሣ። አንዲት ቀጭን፣ ጭቃ የለበሱ እናት ከላዬ ቆመዋል። ከሰል የተኳለ ነጭ ፊቴን አዩ። አልሸሹም።

«ሰው ነህ?» አሉኝ።

«ሰው ነኝ እማማ።»

«ሞተሃል?»

«አልሞትሁም።»

«ታዲያ እዚህ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

«ዝናቡን ሸሽቼ ነው» አልኋቸው።

ተንበርክከው በነጠላቸው ጫፍ ፊቴን ይጠርጉ ጀመር። ግንባሬን ጠረጉት፣ ጉንጬን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን። በጠረጉ ቁጥር ጠጋ ብለው ያያሉ። ቆዳዬ እስኪላጥ ከጠረጉኝ በኋላ ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «የእኔ አይደለም!» ብለው ጮኹ። «የእኔ አይደለም! እልልልልል!» «የእኔ አይደለም» መባል እንደዚያ የሚያስደስት መሆኑን አላውቅም ነበር። ወዲያው ደግሞ አንገቴን አንቀው ይዘው «አንተም የሰው ልጅ ነህ፣ አንተም የሰው ልጅ ነህ» እያሉ ሳሙኝ። ከሳጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው እስኪረጋጉ ድረስ እኔ ተኝቼ እጃቸውን ይዤ ቆየሁ።

ስማቸው እማማ አለሚቱ ነው። ሲሳይ ከሄደ ወዲህ ድምፁን ሰምተው አያውቁም። «ሳጥኑን ሳይ እግሬ ቀድሞኝ ወረደ» አሉኝ። (ሲሳይ በሕይወት ነበር። ቆይቶ አንድ ከዚያ የተመለሰ ሰው ወሬውን አምጥቶላቸዋል፦ በረሃ ውስጥ ፍየል ይጠብቃል። «ፍየል?» አሉ አሉ እማማ አለሚቱ፣ «አገር ሙሉ ፍየል ትቶ ባሕር ተሻግሮ ፍየል?»)

የሸሸው ሰው ሲመለስ ግን በዱላ ነው የተመለሰው። ከመንደሩ ወይራ ሥር ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ እኛ ከፊታቸው ተደረደርን፣ እኔን ካሳዬ ደግፎኛል። የደብሩ ቄስ መጀመሪያ የእኔን ነገር ሊያጣሩ ፈለጉ። መስቀላቸውን እንደያዙ «አቡነ ዘበሰማያትን በል» አሉኝ። ከሕፃንነቴ የምደግመውን ጸሎት ከድንጋጤ ብዛት መሐሉ ላይ ረሳሁት። ሰዉ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ካሳዬ በሹክሹክታ ባያስታውሰኝ ኖሮ የሮክ ሕይወቴ እዚያው ያበቃ ነበር።

ምስጋናው ሊያስረዳ ቆመ። ስለ ትያትር፣ ስለ ዓይንና ጆሮ ተናገረ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙትና ትልቁ፣ ነጭ ፂም ያላቸው፣

«ይኼ ሁሉ ሲጠየቅ መመለስ የነበረበት ነው» አሉ። «እኛ ጠይቀንህ ነበር እኮ፣ ልጄ።»

ምስጋናው አንገቱን ደፋ። ሄዶ እማማ አለሚቱ እግር ላይ ወደቀ። እሳቸውም «ተነሣ፣ ተነሣ» አሉት፤ «ልጄ አይደለም ብዬ እልል ያሰኘኝም ያንተ ዕብደት ነው። የእኔ ነገር አብቅቷል።»

የአልቃሽዋ ነገር ግን አላበቃም ነበር። ወገቧን ይዛ ተነሣች።

«እኔ ዛሬ ያወረድሁት ሙሾ ለአንድ ደጃዝማች ይበቃል» አለች። «ላልሞተ ሰው ባክኖ ሊቀር ነው? አይሆንም! እነዚህ ሙዚቀኞች ነን ካሉ ይምቱልኝና እንደገና ልበለው።»

ሸንጎው ተነጋገረ፤ ፍርዱም ይኸው ሆነ። ከወይራው ሥር እንድንጫወት ተወሰነ። ጀነሬተሩ ውኃ ጠጥቶ ነበርና ካሳዬ ገመዱን ቢጎትት ቢጎትት አንዴ አስነጠሰና ዝም አለ። ያለ ኤሌክትሪክ የእኔ ጊታር ድምፅ የዝንብ ያህል ነው። ታዲያ ካሳዬ ሳጥኑን ገልብጦ በሁለት እጁ መታው። አቤት ድምፅ! እንደዚያ ያለ ከበሮ ኖሮን አያውቅም። ጊታሬን ሳንቃው ላይ አስደግፌ ስመታው እንጨቱ ተቀብሎ ያጎላው ጀመር። አያ ሞላ ገቡበት። አልቃሽዋ መሐል ቆማ እጇን አጨበጨበች፦

ሞተ ሲሉኝ መጥቼ፣ አልቅሼ አልቅሼ፣
ሳቄ መጣብኝ ወይ፣ እንባዬን ጨርሼ።

ሰዉ ሳቀ፣ ተቀበላት፣ ትከሻው ተነሣ። ተወዛዋዦቻችን ከመንደሩ ሰዎች ጋር ተቀላቅለው ጠፉ። አጎበራቸውን ለገለባ ያዋሉት ሽማግሌ ከሁሉ ይበልጥ ጨፈሩ። ምስጋናው አንድ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ማንንም አላዘዘም፣ በሬም ሙሽራም አልጠየቀም። ዝም ብሎ በጆሮው ብቻ ሰማ። አያ ሞላን ሲያርፉ ጠጋ ብዬ «ለቅሶው ላይ ያሉትን ሰምቻለሁ» አልኋቸው። «እሱማ» አሉኝ፣ ማሲንቆዋቸውን እየጠረጉ፣ «የሞተ ሰው ሲሆን ነው።»

የአምደወርቁ ዝግጅት በዚያው ቀረ። መንደሩ ለየቤቱ ተከፋፍሎ አሳደረን። ጠዋት ልንነሣ ስንል ቄሱ «ባዶ ሳጥን ደጃችንን አቋርጦ አይሄድም፣ ሬሳ ይጠራል» ብለው ከለከሉ፤ ትተነው ሄድን፣ ዶሮ ማደሪያ ሆነ ተብሏል። ቁርጭምጭሚቴ ግን ጀበና አክሏል። እነ ካሳዬ ሁለት እንጨት አምጥተው ቃሬዛ ሠሩና ልተኛበት ስል እማማ አለሚቱ እየሮጡ መጡ።

«አይሆንም!» አሉ። «ከዚህ መንደር ተሸክመውህ አትወጣም። በእግርህ ሂድ።»

«እማማ፣ እግሬ እኮ...»

«አውቃለሁ። እዚያ ኩርባው ድረስ ብቻ። እኔ እዚህ ቆሜ ላይህ፣ በእግርህ ስትሄድ ልይ።»

ሄድሁ። ካሳዬ ሊደግፈኝ ሲል እጁን መታሁበት። ያ መንገድ ሽቅብ ነው፣ ድንጋያማ ነው፤ እንዳላነክስ ጥርሴን ነክሼ፣ ጊታሬን አንግቼ፣ ደረቴን ነፍቼ፣ እንደ ጤነኛ ሰው ረገጥሁ። አንዴ ዞር ስል እማማ አለሚቱ እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ አድርገው ቆመዋል፤ ዞር ማለቴን ሲያዩ በእጃቸው «ሂድ፣ ሂድ» አሉኝ። ኩርባውን እንደታጠፍን፣ ከዓይናቸው መሰወሬን ሳረጋግጥ፣ ከነጊታሬ መንገዱ ዳር ተዘረርሁ። ካሳዬ አንሥቶ ጀርባው ላይ አዘለኝ። መኪና እስከሚደርስበት ድረስ አላወረደኝም።